የተክሉ ስምና የመድኃኒቱ ልክ፦ ከዕፅዋት የሚገኙ ንጥረ ነገሮች በደም ካንሰር ሕክምና



ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ በሚያገናኛቸው ከተሞች የመስጊድ ኢማምነት ሶላት በማሰገድ ብቻ አያበቃም። ኢማሙ ኒካሕ ያስራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ውርስ ያከፋፍላሉ። በቤት ውስጥ በሽተኛ ሲኖርም አንዳንዴ ከሐኪም ቀድሞ፣ አንዳንዴ ከሐኪም ቀጥሎ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ከእነዚህ ጥያቄዎች መካከል ከባዱ ይህን የመሰለ ነው፦ የአንድ አባት ልጅ በሆስፒታል የደም ካንሰር ተብሏል፤ ሕክምናው ከአገር ርቆ ሁለትና ሦስት ዓመት እንደሚፈጅ ተነግሮታል፤ በአቅራቢያው ግን ቅጠል የሚቀምም አዋቂ አለ፤ በገበያው ጥቁር አዝሙድ አለ፤ ስለ ጥቁር አዝሙድም ሐዲስ መኖሩን ያውቃል። አባትየው ከመስጊዱ በር ላይ ቆሞ ምን ይሻለኛል ይላል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለሚሰጡ ሁሉ፣ ማለትም ለኢማሞችና ለመምህራን የተዘጋጀ ነው። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ ተክልና መድኃኒት አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ልክ አለ። ዛሬ በሆስፒታል ለደም ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋና ዋናዎቹ ጥቂቶች ከዕፅዋት የተገኙ ናቸው፤ ስለዚህ የሆስፒታሉን ሕክምናና ዕፅን እንደ ሁለት ተፃራሪ መንገዶች ማየት ስሕተት ነው። እንዲሁም መድኃኒቱ ከዕፅ ስለ ተገኘ ዕፁን ቀቅሎ መጠጣት ያው ነው ብሎ ማሰብ ከዚያ የከፋ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው የሕፃን ሕይወት ሊሆን ይችላል።

የደም ካንሰር ምንድን ነው?

ደም የሚመረተው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት አየርን ያመላልሳሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ሰውነትን ከተሕዋስያን ይጠብቃሉ፤ ፕላትሌት የሚባሉት ደቃቅ አካላት ደግሞ ደም ሲፈስ እንዲረጋ ያደርጋሉ። በደም ካንሰር ወይም በሉኬሚያ ጊዜ አንድ ነጭ ሕዋስ የዕድገቱን ሥርዓት ይስታል፤ ሳይበስል ይባዛል፤ ብዛቱም መቅኔውን ሞልቶ ጤናማዎቹ እንዳይመረቱ ቦታ ይነሣቸዋል።

የበሽታው ምልክቶች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ። ቀዩ ሕዋስ ሲያንስ ሕፃኑ ይገረጣል፣ ይደክማል። ጤናማው ነጭ ሕዋስ ሲያንስ ትኩሳት ይመላለስበታል። ፕላትሌት ሲያንስ አፍንጫውና ድዱ ይደማል፤ ሳይመታም በቆዳው ላይ ሰንበርና ቀያይ ነጠብጣብ ይታያል። የአጥንት ሕመም፣ የንፍፊት፣ የጣፊያና የጉበት ማበጥም ሊከተሉ ይችላሉ። እነዚህ ምልክቶች ከወባና ከደም ማነስ ጋር ይመሳሰላሉ፤ በቤተሰብ ዘንድም የዓይን ወይም የጂን ጉዳይ ተደርገው የሚታዩበት ጊዜ አለ። በዚህ መካከል ሳምንታት ያልፋሉ።

በሽታው አንድ ዓይነት አይደለም። ሥር የሰደደው ዓይነት ለዓመታት ቀስ ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ አጣዳፊው ግን ሳይታከም ከቀረ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይገድላል። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው አጣዳፊው ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ ነው። ይህ በሽታ ከሰባ ዓመት በፊት በየትም አገር የሞት ፍርድ ነበር፤ ዛሬ ግን ሙሉ ሕክምና በሚገኝባቸው ባለጸጋ አገሮች ከአሥር ሕፃናት ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። ለውጡን ካመጡት መድኃኒቶች አንዱ ከአንዲት የአበባ ተክል የተገኘ ነው።

ለስኳር የተጠጣው ቅጠል

ካታራንተስ ወይም የማዳጋስካር ፐሪዊንክል የምትባለው ተክል አምስት ቅጠል ያላት ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባ ታወጣለች። የትውልድ አገሯ ማዳጋስካር ሲሆን ዛሬ በሞቃት አገሮች ሁሉ ለጌጥ ትተከላለች። በጃማይካና በሌሎች አገሮች ሰዎች ቅጠሏን አፍልተው ለስኳር በሽታ ይጠጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህ ቅጠል ከጃማይካ ወደ ካናዳ ተላከና ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ፈተሹት። በአፍ ሲሰጥ የደም ስኳርን አላወረደም። በመርፌ ሲሰጥ ግን አይጦቹ በተሕዋስያን ተጠቅተው ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር ነጭ የደም ሕዋሳታቸው እጅግ አንሶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹም ጤናማውን ነጭ ሕዋስ የሚቀንስ ነገር የታመመውንም ሊቀንስ ይችላል ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1958 ቪንብላስቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ይፋ አደረጉ። በአሜሪካ ደግሞ የኢላይ ሊሊ ኩባንያ ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ ወደዚያችው ተክል ደረሱ፤ የቅጠሏ ጭማቂ ሉኬሚያ ያለባቸውን አይጦች ዕድሜ ሲያራዝም አዩ፤ ቪንክሪስቲን የተባለውንም አወጡ። ቪንክሪስቲን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕክምና ተፈቀደ።

የአሠራሩን መንገድ ሽመና የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋል፤ ክሮቹም የዘር ንጥረ ነገሩን እኩል ከፍለው ወደ ሁለቱ ጎኖች ይጎትታሉ። ቪንክሪስቲን ክሮቹ ከሚሠሩበት ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ድሩ እንዳይዘረጋ ያደርጋል። ድር ያልተዘረጋለት ሸማኔ ማግ ሊያስገባ አይችልም፤ እንዲሁ ሕዋሱ መከፈል አቅቶት ይሞታል። የካንሰር ሕዋስ ያለ ማቋረጥ ስለሚከፈል ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እርሱ ነው። ሆኖም በእነዚህ ክሮች የሚጠቀመው እርሱ ብቻ አይደለም። ነርቮችም ስለሚጠቀሙባቸው ታካሚው እግሩ ይደነዝዛል፣ ሆዱ ይደርቃል።

እዚህ ላይ ልኩን እናስተውል። ከአንድ ቶን ደረቅ ቅጠል የሚገኘው ቪንክሪስቲን በጥቂት ግራም የሚቆጠር ነው። ለአንድ ታካሚ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ በሰውነቱ ስፋት ተሰልቶ በተለመደው ሕክምና ከ2 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ይህም በደም ሥር ብቻ ይሰጣል፤ ከደም ሥር ውጭ ቢፈስ ሥጋን ያቆስላል፤ በስሕተት በጀርባ አከርካሪ ውስጥ ቢሰጥ ይገድላል። ቅጠሉን አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ከዚህ መድኃኒት ምን ያህል እንደ ወሰደ ሊያውቅ አይችልም። ሲያንስ አይጠቅመውም፤ ሲበዛ ይመርዘዋል።

ቪንክሪስቲን ብቻውን አይደለም። ሜይአፕል ከተባለ ተክል ሥር በተገኘ ንጥረ ነገር ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ኢቶፖሳይድ በአንዳንድ የሉኬሚያ ዓይነቶች ያገለግላል። ቻይናውያን ተመራማሪዎች ሴፋሎታክሰስ ከተባለ ዛፍ ያገኙት ሆሞሃሪንግቶኒንም በተሻሻለ መልኩ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሥር ለሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ ተፈቅዷል። በአንጻሩ ለዚሁ በሽታ በእኛም አገር የሚሰጠው ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል ከተክል ሳይሆን በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። መድኃኒት የሚመዘነው በተገኘበት ቦታ አይደለም፤ በታወቀ ልክ ለታወቀ በሽታ ሲሰጥ በሚያሳየው ውጤት ነው።

የእኛው አጣጥ

የሩቁን ታሪክ ትተን ወደ አገራችን እንመለስ። አጣጥ በገጠራችን የታወቀ እሾኻማ ቁጥቋጦ ነው፤ ሰው ለአጥር ይጠቀምበታል፤ አዋቂዎችም ቅጠሉንና ሥሩን ለልዩ ልዩ ሕመም ያዝዛሉ። በሳይንስ ሜይቴነስ ከሚባለው ወገን ሲሆን አማርኛችን አጣጥ በሚለው አንድ ስም የዚህን ወገን በርካታ ዝርያዎች በጅምላ ይጠራል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋትን እያስሰበሰበ ለካንሰር ይጠቅሙ እንደ ሆነ ያስመረምር ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት መካከል አንደኛው የአጣጥ ዝርያ ነበር። የእርሱም ጭማቂ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳትን ሲገድል፣ ሉኬሚያ ባለባቸው አይጦችም ላይ በሽታውን ሲገታ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሞሪስ ኩፕቻንና የሥራ ባልደረቦቹ ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡ፤ ከተክሉ ስም ወስደውም ሜይታንሲን አሉት። ለዓለም ያስተዋወቁትም ሉኬሚያን የሚቃወም አዲስ ንጥረ ነገር ብለው ነበር። በተክሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ኃይሉ ግን ታላቅ ነበር። አሠራሩም ከቪንክሪስቲን ጋር ይቀራረባል፤ እርሱም ቱቡሊንን ይዞ ክሮቹ እንዳይዘረጉ ያደርጋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አጣጥ ለደም ካንሰር ፍቱን ነው ብሎ መስበክ በቀለለ ነበር። ነገር ግን ሜይታንሲን በ1970ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ በሰዎች ላይ ሲሞከር ታካሚዎቹ በብርቱ ተቅማጥ፣ በትውከት፣ በድካምና በነርቭ ጉዳት ተሠቃዩ፤ ካንሰራቸው ደግሞ ይህን ሁሉ በሚያካክስ መጠን አልቀነሰም። ሰውነት ሊሸከመው የሚችለው ልክና በሽታውን የሚገታው ልክ አልተገናኙም። ሙከራው ቆመ። በአይጥ ላይ የታየው ተስፋ በሰው ላይ አልተደገመም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ተመራማሪዎች የሜይታንሲንን ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር ከአንድ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያያዙት። ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያውቀው የተወሰነ የካንሰር ሕዋስን ነው፤ መርዙን ተሸክሞ ወደዚያ ሕዋስ ይገባል፤ ጤናማው በአብዛኛው ይተርፋል። በዚህ መንገድ የተሠራው ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንድ የጡት ካንሰር ዓይነት ተፈቀደ። ከ1972 እስከ 2013 አርባ አንድ ዓመት ነው። መድኃኒቱም ዛሬ የሚሠራው ከአጣጥ አይደለም፤ ተመሳሳዩን ንጥረ ነገር ከሚያመነጭ ባክቴሪያ በሚገኝ ግብዓት ነው። በደም ካንሰር ተጀምሮ በጡት ካንሰር ደረሰ። አጣጥ እስከ ዛሬ የደም ካንሰር መድኃኒት አልሆነም።

ከዚህ ታሪክ ለጥያቄያችን ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የአገራችን ዕፅ ሊናቅ አይገባውም፤ በውስጡ ዓለም የተጠቀመበት ነገር ተገኝቷል። ሁለተኛ፣ ስም ብቻውን አይበቃም፤ አጣጥ የሚለው ስም የሚሸፍናቸው ዝርያዎች በያዙት ነገርም በመጠኑም ይለያያሉ። ሦስተኛ፣ በውስጡ ብርቱ ነገር መኖሩ ራሱ የጥንቃቄ ምክንያት ነው። የኮሶን ነገር የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም፤ ትልን ያስወጣል፤ ልኩን ሲያልፍ ግን ሰውን ያዝለፈልፋል፣ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። አያቶቻችን ኮሶ የሚጠጣውን ሰው ዕድሜና አቅም መጠየቃቸው የልክን ነገር ስለሚያውቁ ነበር።

ጥቁር አዝሙድ፦ ሐዲሱና ሙከራው

ስለ ጥቁር አዝሙድ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ሶሒሕ ነው፤ ከሞት በቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለበት ያወሳል። ጥያቄው ዑለማእ እንዴት ተረዱት የሚለው ነው። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ በፈትሑል ባሪ የኸጣቢን ማብራሪያ ያቀርባሉ። ኸጣቢ ንግግሩ በአጠቃላይ ቃል ተነግሮ የተወሰነ ነገር የተፈለገበት ነው፤ አንድ ተክል የተፈጥሮ ባሕርያትን ሁሉ አጠቃልሎ በሽታን ሁሉ ሊቃወም አይችልም ይላሉ። አቡ በክር ኢብኑል ዐረቢም ለሁሉ መድኃኒት ለመባል ማር የቀረበ ሆኖ ሳለ ማር ቢጠጡ የሚጎዳቸው በሽተኞች እንዳሉ አስታውሰዋል። ከዚህ የተለየ አመለካከት ያላቸው ዑለማእ አሉ፤ ይሁን እንጂ የኸጣቢ ማብራሪያ በታላቁ የቡኻሪ ሸርሕ ውስጥ የሠፈረ የታወቀ አቋም እንጂ የዘመኑ ሰዎች ፈጠራ አይደለም። ስለዚህ አንድ ኢማም ጥቁር አዝሙድ ብቻውን የደም ካንሰርን አያድንም ቢሉ ሐዲሱን አልካዱም።

ሳይንሱስ ምን አገኘ? በጥቁር አዝሙድ ዘይት ውስጥ ታይሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ታይሞኪኖን በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ የሉኬሚያ ሕዋሳት ራሳቸውን እንዲያጠፉ ሲያደርግ ታይቷል። ይህ እውነተኛ ግኝት ነው። ነገር ግን በዕቃ ውስጥ ያለ ሕዋስ ጉበት የለውም፣ ኩላሊት የለውም፣ ልብና ነርቭ የለውም። በሳዑዲ ዐረቢያ ካንሰራቸው ለገፋና ሌላ ሕክምና ላልረዳቸው ጥቂት ታካሚዎች ታይሞኪኖን በአፍ ተሰጥቶ ነበር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ታካሚዎቹ መድኃኒቱን ተሸክመውታል፤ በካንሰሩ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። በግብፅ ደግሞ ሉኬሚያ ያለባቸው ሕፃናት ከተለመደው ሕክምና ጋር የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተሰጥቷቸው ጉበታቸው ከመድኃኒቱ ጉዳት ይጠበቅ እንደ ሆነ ተጠንቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ እዚያም ቢሆን ዘይቱ የተሰጠው ከሕክምናው ጋር፣ በሐኪም ክትትል ነበር። ሕክምናውን ተክቶ አልተሰጠም።

ከሕክምና ጋር ይወሰድ ቢባልስ? ይህም የሐኪም ፈቃድ ይሻል። የደም ካንሰር መድኃኒቶችን የሚያጣራው ጉበት የዕፁንም ንጥረ ነገር ያጣራል፤ አንዱ የሌላውን መጠን በደም ውስጥ ሊያበዛ ወይም ሊያሳንስ ይችላል። ነጭ ሕዋሱ ያነሰበት ሕፃን ደግሞ ንጽሕናው ባልተረጋገጠ የቅጠል ዱቄት ውስጥ ባለ ሻጋታ ሊሞት ይችላል።

የቀደሙት ዑለማእና ልክ

ልክ መጠየቅ ከምዕራብ የመጣ ልማድ የሚመስለው ሰው ካለ የራሱን ቅርስ ይመልከት። ሙስሊም ከጃቢር በዘገቡት ሐዲስ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለ ከተነገረ በኋላ ፈውሱ በአላህ ፈቃድ የሚገኘው መድኃኒቱ በሽታውን ሲያገኘው እንደ ሆነ ተገልጿል። ኢብኑል ቀዪም አል-ጀውዚያህ (በ751 ሂጅራ የሞቱ) ይህን ሲያብራሩ መድኃኒቱ በዓይነቱ ወይም በመጠኑ ከሚገባው ሲያልፍ በሽታውን ወደ ሌላ በሽታ ይለውጠዋል፤ ሲያንስ ደግሞ ሊቋቋመው አይችልም ይላሉ። በሜይታንሲን ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ኢብኑ ሲና በአል-ቃኑን ሁለተኛ መጽሐፍ የአንድ ዕፅ ኃይል በሙከራ የሚታወቅባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራሉ። ዕፁ በተደባለቀ ሳይሆን በነጠላ በሽታ ላይ ይሞከር፤ የመድኃኒቱ ኃይል ከበሽታው ኃይል ጋር ይመጣጠን፤ ውጤቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዘወትር ወይም በአብዛኛው የሚታይ ይሁን ይላሉ። በመጨረሻም ሙከራው በሰው አካል ላይ መሆን እንዳለበት ያሳስባሉ፤ በእንስሳ ላይ የታየ ነገር በሰው ላይ ላይደገም ይችላልና። አንድ ሰው ጎረቤቴ ጠጥቶ ዳነ ቢል በኢብኑ ሲና መመዘኛ ገና ማስረጃ አላቀረበም። ጎረቤቱ የታመመው በምን ነበር? የወሰደው ምን ያህል ነው? ከእርሱ በፊት ጠጥተው ያልዳኑት ስንት ናቸው?

የኢማሙ መልስ

ከላይ የተነሣው አባት መልሱን ይጠብቃል። ከመልሱ በፊት ኢማሙ ሁለት ዘገባዎችን ማስታወስ ይጠቅማቸዋል። የመጀመሪያው በአቡ ዳውድ፣ በነሳኢና በኢብኑ ማጀህ የተዘገበው ነው፤ ሐኪምነቱ ሳይታወቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይገልጻል። ፉቀሃእ ይህን መሠረት አድርገው የዶማንን፣ ማለትም የካሣን ሕግ አብራርተዋል። ሁለተኛው አቡ ዳውድ ከጃቢር የዘገቡት ነው። ራሱን የቆሰለ አንድ ሰው ጀናባ ገጥሞት ባልደረቦቹን ጠየቀ፤ እነርሱም ሳያውቁ መታጠብ ግድህ ነው አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ ሳያውቁ ከመመለስ መጠየቅ ይገባቸው እንደነበር አስተማሩ። ያ ሰው የሞተው በቁስሉ ብቻ አይደለም፤ በተሰጠው ፈትዋም ጭምር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ መልሱ በአራት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ ምርመራ ይቅደም። የተደጋገመ ትኩሳት፣ መገርጣት፣ የአፍንጫ መድማትና ያለ ምክንያት የሚታይ ሰንበር በአንድነት በሕፃን ላይ ከታዩ የደም ሕዋሳት ቆጠራ ይደረግለት። ይህ ምርመራ በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ሊሠራ የሚችል ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ያስልካል። በየዕለቱ ሕፃናትን የሚያይ መምህር ይህን ለውጥ ከወላጅ ቀድሞ ሊያስተውል ይችላል። በመድረሳ የሚደክመው ደረሳ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዱዓእና ሩቅያ ከሕክምና ጋር ይሄዳሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የገጠር ሰዎች እንታከም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ አዘዋል፤ ይህም ቲርሚዚና አቡ ዳውድ ዘንድ ተዘግቧል። ተወኩል ሰበብን መተው አይደለም። ሩቅያ ለማድረግ ሲባል የሐኪም ቀጠሮ የሚያልፍ ከሆነ ግን ኢማሙ ራሳቸው ታካሚውን አስነሥተው መላክ ይገባቸዋል።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ወር አያታልል። ይህ ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የአጣዳፊው ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ ሕክምና በቪንክሪስቲን፣ በስቴሮይድና በሌሎች መድኃኒቶች ይጀመራል፤ አራት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ በብዙዎቹ ሕፃናት ላይ በሽታው ከዕይታ ይሰወራል። ሕፃኑ ይበላል፣ ይጫወታል። ወላጅም ዳነልኝ ብሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ አልቋል፣ እርሻው ጠፍ ሆኗል፣ ሌሎች ልጆች ቤት ቀርተዋል። ነገር ግን በመቅኔው ውስጥ የማይታዩ የበሽታ ሕዋሳት ቀርተዋል፤ ሕክምናው ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈጀው እነርሱን ለማጥፋት ነው። በዚህ ጊዜ ሕክምናው ከተቋረጠ በሽታው ያገረሻል፤ ያገረሸው ደግሞ ለመድኃኒት አስቸጋሪ ነው። በመካከሉ ቅጠል ተጠጥቶ ከሆነ ደኅንነቱ ለቅጠሉ፣ ማገርሸቱ ለሆስፒታሉ ይቆጠራል። ኢማሙ ይህን አስቀድመው ካስረዱ አንድ ሕፃን ሊተርፍ ይችላል።

አራተኛ፣ ምክር ያለ እገዛ ጎዶሎ ነው። ከቢቸና የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ወይም ከሞጣ በባሕር ዳር በኩል ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መመላለስ ለድሃ ገበሬ ከባድ ነው። ሕፃናትን ከሕክምና የሚያስወጣቸው እምነት ብቻ አይደለም፤ የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪም ነው። ዘካ የሚገባቸው ድሆችና ሚስኪኖች በቁርኣን ተዘርዝረዋል፤ ልጁን ለማሳከም ያለውን የጨረሰ አባት ከእነርሱ ውስጥ እንደሚገኝ ግልጽ ነው። በሕፃንነቱ በደም ካንሰር በሞተ ልጃቸው ስም ወላጆቹ የመሠረቱት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በአዲስ አበባ ለታካሚ ሕፃናትና ለአስታማሚዎቻቸው ማረፊያ ያዘጋጀው የዚህን ችግር ክብደት ስላወቀ ነው። የመስጊድ ጀመዓም ለአንድ ቤተሰብ የሁለት ዓመት የመኪና ዋጋ ሊሸፍን ይችላል።

የአገር ዕውቀት እንዳይጠፋ

ይህ ሁሉ ሲባል የአገሩን የዕፅ አዋቂ ማራቅ አይደለም። በምስጢር የተያዘው ዕውቀት ከአዋቂው ጋር እንዳይቀበር መምህራን ሊመዘግቡት ይችላሉ። ምዝገባው ግን የተክሉን የአማርኛ ስም ብቻ ሳይሆን የደረቀ ናሙናውንም መያዝ አለበት፤ ዝርያውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ሊለየው ይችላል። የባለ ዕውቀቱንና የማኅበረሰቡን መብት በተመለከተም የጄኔቲክ ሀብትን፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትንና የማኅበረሰብ መብቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቷል። አጣጥ ከአገር በወጣበት ዘመን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ እንዶድ በሚታጠብበት ውኃ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የብልሃርዝያን መከላከያ መፈለጋቸው፣ የአገር ልማድ በምርመራ ዓይን ሲታይ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ያሳያል።

እንግዲህ ለአባትየው የሚሰጠው መልስ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ልጁ የሚወስደው የሆስፒታል መድኃኒት ራሱ አላህ ከፈጠረው ተክል የተገኘ፣ ልኩ በብዙ ሰዎች ድካም የታወቀ መሆኑ ይነገረው። በእጁ ያለው ቅጠል ግን ልኩ ገና አልታወቀም። ዱዓእ ይደረግለት፤ ለመንገዱ የሚሆን ገንዘብ ይሰብሰብለት፤ ቀጠሮው የሚውልበት ቀንም በመስጊዱ መዝገብ ይጻፍ። ቀኑ ሲደርስ ሄዷልን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኑር። ፈውስ ከአላህ ነው።